ሦስት ሳምንት ጨምሩልኝ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «ምነው፣ እሳት ላይ የተቀመጥሽ መሰልሽ» ትለኛለች። እሱን ካወቅሁ ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ።

በከተማችን ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። በየሐሙሱ፣ ኮሌጁ ማረሚያ ቤት ውስጥ ለሚያስተምራቸው እስረኞች መጽሐፍ አደርሳለሁ። እሱ ሹፌር ነበር፤ ሰው ገጭቶ ነው የታሰረው። የመጀመሪያ ቀን መጽሐፉን ሲቀበለኝ «ገጹን አላጥፍም፣ ቃሌ ነው» ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። በቃ፣ አለቀልኝ። አራት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ተዋደድን።

እናቴ ስትሰማ «እኔ ቆሜ እስረኛ? አይደረግም!» አለች።

አንድ ሐሙስ እየሳቅሁ ገባሁ፤ ይቅርታ ተደርጎለት ሰኞ ሊፈታ ነው! እሱ ግን ፊቱ ጨፍግጓል።

«ምን ሆነሃል?»

«የመጨረሻው ፈተና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። በመንግሥት መመሪያ እዚህ መማርና መፈተን የሚችለው ታራሚ ብቻ ነው። ሰኞ ከወጣሁ አራቱን ዓመት ውኃ በላው። አቆዩኝ ብዬ አመልክቻለሁ።»

«አብደሃል እንዴ? ይቅርታውን ቢሰርዙብህስ?»

«እናትሽን ምን ልበላቸው? እስረኛ የነበርኩ ሹፌር ነኝ?»

«የልጅዎ ነኝ በላት! አይበቃም?»

ደብተሩን ገለጠ። መጽሐፎቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

በማግስቱ የኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ሄጄ «ወጥቶም ይፈተን!» ብዬ ጮኽኩ። «እህቴ፣ መመሪያውን እኔ አላወጣሁት» አሉኝ ኃላፊው። ማረሚያ ቤቱ ግን ተፈትኖ በዚያው ዕለት እንዲወጣ ፈቀደለት። ሁለት ሐሙስ አኩርፌ ባልደረባዬን ላክሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይቅርታው ቀረ የሚሉኝ እየመሰለኝ ብድግ እል ነበር።

የፈተናው ዕለት ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ተገኘሁ። ወዲህ እሄዳለሁ፣ ወዲያ እመለሳለሁ።

«ኧረ እህቴ፣ እኔን አዞረኝ» አለኝ ዘበኛው።

ሰባት ሰዓት ላይ ትንሿ በር ተከፈተች። እሱ ነው፤ ጣቶቹ በቀለም ተበላሽተዋል።

«አለፍክ?» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

«እንጃ።»

«እንጃ? ሦስት ሳምንት አንጀቴን አቃጥለህ እንጃ?»

«ሦስተኛው ጥያቄ ላይ በመስኮት አየሁሽ። ስትመላለሺ፣ ስትመላለሺ... የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «አሁን እናቴን ምን ልትላት ነው?»

«የልጅዎ ነኝ እላቸዋለሁ።»

እዚያው የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ።

«ተመስገን፣ ተቀመጠች!» አለ ዘበኛው።