ቀድሞ የተመታ ማኅተም

ኮቶኔ ሳህኑን ከካፖርቷ ሥር አወጣችው። በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ዋካባ በሩን እንደያዘች መጀመሪያ ጥቅሉን፣ ቀጥሎ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቀች።

«ሳህን ይዘሽ መጣሽ? እኛ ቤት በክዳን የምንበላ መሰለሽ እንዴ?»

«ለፎቶው ነዋ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሳህን ላይ ካቀረብን ይነቃብናል።»

«ይነቃብናል ነው ይነቃብሻል?»

«በሩን ዝጊው፣ በረዶው ገባ።»

ኮቶኔ ጫማዋን አውልቃ ደጃፉ ላይ አሰለፈችና ወደ ማድ ቤቱ ገባች። ማድ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ይሞቃል። የዋካባ እናት እህቷ ወልዳ ልታርሳት ሳፖሮ ሄዳለች። አባቷ ከወተት ዙሩ እስኪመለስ ድረስ ቤቱ የሁለቱ ልጆች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባልትና መምህርታቸው ኩዋባራ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዳንድ ወረቀት አድላለች። በሥራ ቀን፣ በራሳችሁ እጅ፣ የታሸገ መረቅ ሳትጠቀሙ፣ ለቤታችሁ ሰው እራት ሥሩ ብላለች። የሚሠራውም በክፍል የተማሩት ነው፤ ፓስታ በዶሮና በአትክልት፣ መረቁ የወተት። ከወረቀቱ ላይኛው ክፍል የምግቡ ፎቶ ይለጠፋል። ከታች ባለው ሣጥን ውስጥ የበላው የቤተሰብ ሰው ሐሳቡን ይጽፍና የቤቱን ማኅተም ይመታበታል። መምህርቷ ወረቀቱን ስታድል፣ ነጥብ የምሰጠው ለመረቁ ሳይሆን ለታችኛው ሣጥን ነው ብላ ነበር። ማስረከቢያው ዓርብ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

የኮቶኔ ታችኛው ሣጥን ሰኞ ዕለት ሞልቷል። የሞላችው ራሷ ናት፤ የእናቷን የእጅ ጽሑፍ አስመስላ። «መረቁ አልጓጎለም። ዶሮውም በደንብ በስሏል። ልጄ ደክማልኛለች፣ አመሰግናታለሁ» ይላል። ከዚያ ከመሳቢያው ውስጥ «ኦኖዴራ» የሚል የቤተሰብ ስማቸው የተቀረጸበትን ማኅተም አውጥታ መታችበት። ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ማኅተም ሆነ። የቀራት ፎቶው ብቻ ነበር፤ እሱንም ዋካባ ከምትሠራው ምግብ ልታነሳ ነው የመጣችው።

ዋካባ ለምን ራስሽ አትሠሪም ብላ ስትጠይቃት «ደበረኝ» ነበር ያለቻት። እውነቱ ሌላ ነው። እናቷ የአረጋውያን ቤት ውስጥ የማታ ተረኛ ናት። ቤት የምትገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኮቶኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፍሪጅ ውስጥ ያለውን አሙቃ ትበላለች። እናቷ ስትመጣ የተረፈውን አሙቃ ትበላለች፤ ያን ጊዜ ኮቶኔ ክፍሏ ገብታ እያጠናች ነው። አይጣሉም፤ አይኮራረፉም። ብቻ በሥራ ቀን ያ ጠረጴዛ ሁለት ሰው አንድ ላይ አይቶ አያውቅም። ኮቶኔ ይህን መምህርቷ እንድታውቅ አልፈለገችም። ዋካባም እንድታውቅ አልፈለገችም።

«አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ቁጭ በይ» አለች ዋካባ፣ ሽርጧን እያሰረች።

ኮቶኔ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ዋካባ ሽንኩርት ላጠችና አለቀሰች። ካሮቱን ግማሹን ወፍራም ግማሹን ስስ አድርጋ ከተፈችው። ዶሮው ግን ደህና ተጠበሰ፤ ቆዳው ወርቅማ ሆነ፤ ቤቱም ሸተተ። ከዚያ መጥበሻው ላይ ቅቤ ጣለችና እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው።

«እሳቱን ቀንሺ» አለች ኮቶኔ።

«ቀንሻለሁ።»

«አልቀነስሽም። ቅቤው ጠቆረ።»

ዋካባ ዱቄቱን ባንድ ጊዜ ዘረገፈችው። በላዩ ላይ ከፍሪጅ የወጣ ወተት፣ እሱንም ባንድ ጊዜ። ዱቄቱ ወዲያው ጓጎለ። በማማሰያ ብታሳድደው እየተንሸራተተ ያመልጣት ጀመር። ኮቶኔ ሳታስበው ቆማለች።

«እንግዲያ ነያ ሥሪው» አለች ዋካባ፣ ማማሰያውን እየዘረጋችላት። ቀልዷን ነበር። ኮቶኔ ግን ተቀበለቻት።

የተበላሸውን በወንፊት አጥልላ ወደ ጎን አኖረች፤ መድፋት አትወድም። መጥበሻውን አጠበች፣ አደረቀች። ቅቤውን በትንሽ እሳት አቀለጠች። ዱቄቱን በማንኪያ በማንኪያ እየነሰነሰች፣ ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው አገላበጠችው። ከዚያ ወተት፤ መጀመሪያ ግማሽ ስኒ። ዱቄቱ ወተቱን ጠጣና ሊጥ መሰለ። ሌላ ግማሽ ስኒ ጨመረች። አሁንም ጠጣ። በዚህ ቤት ወተት ሞልቷል፤ ገበሬዎቹ ለአባትየው ይሰጡታል። ኮቶኔ አልቸኮለችም። አራተኛው ላይ ሊጡ ላላ፤ ስድስተኛው ላይ ማማሰያው ላይ እንደ ስስ ልብስ የሚቀመጥ መረቅ ሆነ። አንድም ጓል የለበትም።

«እንዴት እንዲህ ጎበዝ ሆንሽ?» አለች ዋካባ።

«በክፍል አይተን የለም እንዴ።»

«እኔ በመስኮት ነበር ሳይ የነበረው።»

ዶሮውንና አትክልቱን መረቁ ውስጥ ከተተች። ቀመሰች። ጨው አለው፣ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ፍሪጁን ከፍታ ሚሶውን አገኘችና ከዚያ ቡናማ የአኩሪ አተር ሊጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወስዳ በመረቁ አሟሟችው። ደግማ ቀመሰች። አሁን ሆነ። ፓስታው ሊበስል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ብሮኮሊውን እዚያው የፓስታው ውኃ ውስጥ ጣለችው። ሁሉም እኩል ደረሰ።

ሠርታ እስክትጨርስ አልታወቃትም ነበር። አሁን ልብ አለች። ለዋካባ ወረቀት የሚሆነውን ምግብ የሠራችው እሷ ናት። ተያዩ።

ኮቶኔ ከቤቷ ያመጣችው ሳህን ላይ ድርሻዋን አወጣች። መስኮቱ ሥር ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጨርቋን አንጥፋ አስቀመጠችው። ስልኳን ስታነሳ እንፋሎቱ ሌንሱን አለበሰው። በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ተመልሶ ለበሰ። ይብረድለት ብላ ስትጠብቅ በሩ ተከፈተ።

የዋካባ አባት ጋሽ ኢጋራሺ አጭር ሰው ናቸው፤ ብርዱ አፍንጫቸውን አቅልቶታል። ገና በሌሊት ተነስተው ከአንዱ ከብት እርባታ ወደ ሌላው እየዞሩ ወተት በታንከር ሲሰበስቡ የዋሉ ናቸው። ካልሲያቸውን እያራገፉ ገቡ፤ ለኮቶኔ አንገታቸውን ሰበር አደረጉላት፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ብቻውን የተቀመጠውን ሳህን አዩ።

«ያ ለማን ነው? ድመት ገዛችሁ?»

ዋካባ በሳቅ ፈነዳች። ኮቶኔ ሳህኗን አንስታ ከነሱ ጋር ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ሦስቱም እጃቸውን ገጥመው አመስግነው ጀመሩ።

ሰውየው ፓስታውንም በመብያ እንጨት ነው የሚበሉት። የመጀመሪያውን ጨረሱ። ሳህናቸውን ዘረጉና ተጨመረላቸው። ሁለተኛውን ሲያጋምሱ ቀና አሉ።

«ውስጡ ያለው ምንድነው? የማውቀው ነገር አለበት።»

«ሚሶ ነው፣ ጋሼ» አለች ኮቶኔ። «እናቴ የወተት ሾርባ ስትሠራ ትጨምረው ነበር።»

«ነበር» የምትለው ቃል ከአፏ ከወጣች በኋላ ከበደቻት። እናቷ ያንን ሾርባ የምትሠራው የማታ ተረኛ ከመሆኗ በፊት ነበር። ሁለት ክረምት አልፎታል። ሾርባውን ረስታው ነበር፤ እጇ ግን አልረሳውም።

ዋካባ ወረቀቷን አምጥታ አባቷ ፊት አስቀመጠች። እስክሪብቶውን አነሱ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

ኮቶኔ «አዎ» ልትልላት ተዘጋጅታ ነበር። ውለታ በውለታ ይከፈላል ብላ አስባለች። ዋካባ ግን ጣራ ጣራውን አየች።

«እኔ ሽንኩርት ልጬ አለቀስኩ። የቀረውን እሷ ናት።»

አባትየው እስክሪብቶውን አስቀመጡት። አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ ኮቶኔ መለሱ። «እንግዲያ የአንቺን ወረቀት አምጪ። የበላሁት የአንቺን ነው። የቤት ሰው ባልሆንም፣ አንድ ቃል ልጻፍልሽ።»

ቦርሳው ደጃፉ ላይ ነው። ቤት ረሳሁት ማለት ቀላል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። የዋካባ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ዓርብ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ኮቶኔ ወረቀቱን ጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሳች፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ የራሷን አመጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ዓይናቸው በቅርብ አያይም፤ ወረቀቱን አርቀው ይዘው አነበቡ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«እናትሽ በልታለች?»

«አልበላችም።»

«ታዲያ መቼ ጻፈችው?»

«እሷ አልጻፈችውም» አለች ኮቶኔ። ቀጥላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እሷ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የምትገባው። አብረን አንበላም» አለች።

ዋካባ ማኘኳን አቆመች።

«አባዬ፣ አሁን የወተቱን ወሬ እንዳትጀምር» አለች ዋካባ።

«አልጀመርኩም» አሉና ጀመሩ። «ከየእርባታው ወተት ስቀበል መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ። ካሸተትኩ በኋላ ነው የምፈርመው። አንድ ጊዜ ብርዱ ጠናብኝና ሳላሸት ፈረምኩ።»

«እና ምን ሆነ?» አለች ኮቶኔ።

«ምንም። ወተቱ ደህና ነበር።» ሳቁ። «ግን እስከ ፋብሪካው ድረስ ከታንከሩ ይልቅ የኔ ሆድ ሲንቦጫቦጭ ነው የሄደው።»

ወረቀቱን መለሱላት። የምጽፍበት ቦታ የለም፣ ሞልቷል አሉ። ከዚያ ሳህናቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጉ። ዋካባ ነገ ብቻዬን እሠራልሃለሁ ስትላቸው፣ ነገ ቢሮ ስብሰባ አለብኝ፣ ዘግይቼ ነው የምመጣው አሉ። ስብሰባ እንደሌለባቸው ሁለቱም ልጆች ያውቃሉ። ኮቶኔ እስኪያማት ሳቀች። የገባችበት ጭንቀት የት እንደሄደ አላወቀችም፤ ያቀረበችውን ሁሉ ጠርጋ በላች።

ልትሄድ ስትነሳ ጋሽ ኢጋራሺ ከድስቱ የቀረውን ለእናትሽ ልጠቅልልልሽ አሏት። ኮቶኔ ቆም ብላ አሰበች። እናቷ ማታ ብቻዋን ተቀምጣ ትበላዋለች። ወረቀቱም ያን ጊዜ ወደ እውነት ይጠጋል። ይጠጋል እንጂ አይደርስም።

«አይ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ራሴ እሠራላታለሁ።»

ዋካባ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘቻት። በረዶው ቆሟል። የተጠረገው መንገድ ጠባብ ስለሆነ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነው ሄዱ።

«ቲቸር ጋ ትርፍ ወረቀት ይኖር ይሆን?» አለች ኮቶኔ።

«ምን ብለሽ ልትጠይቂያት ነው?»

«ሳይበላ ማኅተም መታሁበት እላታለኋ። ቀዩ እንደሆነ አይጠፋም።»

«ነጥብ ትቀንስብሻለች።»

«ትቀንስ።»

ዋካባ ጥቂት ተራመደች። «የኔን ስም ብቻ እንዳትጠሪ» አለች። ሌላ ጥቂት ተራመደች። «ግድ የለም፣ ጥሪው። ሳህንሽን እያየሁ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ።»

መታጠፊያው ላይ ተለያዩ። ኮቶኔ የመንገድ መብራት ሥር ቆማ ጓንቷን በጥርሷ አወለቀችና ስልኳን አወጣች። ለእናቷ ጻፈች። መጀመሪያ ረጅም አድርጋ ጻፈችውና አጠፋችው። ከዚያ እንዲህ ብላ ላከች፦ «ነገ ስትመጪ ምንም እንዳትገዢ። እራት ሠርቼ እጠብቅሻለሁ።»

እናቷ እረፍት ላይ ሳትሆን አልቀረችም፤ መልሱ ወዲያው መጣ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ? ይርብሻል እኮ።»

ጣቶቿ በብርዱ ደንዝዘዋል። ቀስ ብላ ጻፈች።

«ይራበኝ።»