ቀይ ክር ያለበት ከረጢት

ስፌቱን ያየችው ፈረንጁ ጀርባውን ከሰጣት በኋላ ነው።

ፊት ለፊት ቆሞ ሲያናግራት ጢሙን፣ በፀሐይ የተላጠ አፍንጫውንና አቧራ የጠገበ ጫማውን ብቻ ነበር ያየችው። ወደ መኪናው መንገድ ሲወርድ ግን ጀርባው ላይ ያዘለው የሸራ ከረጢት ወለል ብሎ ታያት። ከታች፣ በግራው ማዕዘን፣ ቃጫው አልቆ ቀይ የሱፍ ክር ይጀምራል።

አልጣሽ የበሩን መቃን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያንን ማዕዘን በቀይ ሱፍ የጨረሰችው እናቷ ናት። እናቷ አባይነሽ የምትተዳደረው ለአሰላ እህል ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ በመስፋት ነው። ሦስት ጊዜ ትወጋና አራተኛውን ወደ ኋላ መልሳ ትቋጥራለች፤ ነጋዴው ወልደሰንበት ከመቶ ጆንያ መሀል የእሷን እጅ በጣቱ ዳብሶ ይለያል። የዛሬ ሁለት ዓመት ወንድሟ ሣህሌ መካኒክነት ሊማር ወደ ስዊድን ሲሄድ፣ ከአሮጌ የድንኳን ሸራ ያንን ከረጢት ሰፋችለት። መጨረሻው ላይ ቃጫው ሲያልቅባት ከአልጣሽ ሹራብ ክር ተርትራ ጨረሰችው። የሹራቡ አንድ እጅጌ እስከ ዛሬ አጭር ነው።

ልትጣራ አፏን ስትከፍት የጅብሪል የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሳ መጣ። ፈረንጁ እጁን አነሳ፤ መኪናው ቆመ። ሰውየው ጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ወደ እሷ ዞሮ እጁን አወዛወዘላት። ማመስገኑ ነው። «የሣህሌ እናት?» ብሎ በተሰባበረ አማርኛ ሲጠይቃት «እዚህ የለችም፤ ሳጉሬ ናት» ብላ መንገዱን ያሳየችው እሷ ነበረች።

ሳጉሬ ዘመድ እንኳን የላቸውም።

አልጣሽ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በቤቱ ውስጥ ፊደል የቆጠረች እሷ ብቻ ስለሆነች የሣህሌን ደብዳቤ ለእናቷ የምታነብላት እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ታነብላት ነበር። ባለፈው ክረምት ግን፣ በስዊድን በጋ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ሣህሌ ከረጢቱን አዝሎ ብቻውን አገር ሊያይ ወጣ። መጀመሪያ ዴንማርክ፣ ከዚያ ኖርዌይ። በእግሩ ይሄዳል፤ የሚጭነው መኪና ሲያገኝ ይሳፈራል። ከመንገድ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦

«እዚህ የመሸበት ሁሉ የሚያድርበት የወጣቶች ቤት አላቸው። በአንድ ክፍል ስምንት እንሆናለን፤ አልጋው አንዱ ባንዱ ላይ ነው። ማታ አንዱ ድንች ያመጣል፣ አንዱ ዓሣ። እኔ የእማዬን በርበሬ አወጣሁላቸው፤ አንድ ጀርመን ቀምሶ አለቀሰ። ጠዋት ወለሉን ሳትጠርጊ አያስወጡሽም። ጎንበስ ብዬ ስጠርግ አርቪድ የሚባል የኖርዌይ ልጅ ‹ማን አስተማረህ?› አለኝ። እናቴ አልኩት። እሱም እንደኔ ከረጢቱን አዝሎ የሚዞር ነው፤ እስከሚቀጥለው ከተማ አብረን ነን።»

ነገሩ ያማረው እስከዚያ ድረስ ነበር። ሣህሌ ፀሐይ የማትጠልቅበትን አገር ሳላይ አልመለስም ብሎ ወደ ሰሜን ራቀ። የሚመልሰው መኪና አጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ስሙን ሰርዘው ጠበቁት። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለ። «ይማራል ወይ ካለችሽ ይማራል በያት።»

እንዳላት አደረገች። በጥቅምት የመጣው የመጨረሻው ደብዳቤ ብርዱ ስለገባ የወጣቶቹ ቤቶች እየተዘጉ መሆኑን፣ የት እንደሚያድር እንደማያውቅ፣ ሳልም እንደያዘው ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ ምንም የለም። እናቷ በየሳምንቱ «ፖስታ ቤት ደርሰሽ ነበር?» ትላታለች። በታኅሣሥ አንድ ቀን አልጣሽ የእናቷን ፊት ማየት አቃታት፤ የድሮ ደብዳቤ አውጥታ ያልተጻፈ ነገር አነበበችላት። አንድ ጊዜ ብቻ ብላ ነበር። አምስት ጊዜ ሆነ።

ለዚህ ነው ፈረንጁ የወንድሟን ስም ሲጠራ የደነገጠችው። የደበቀችው ሁሉ በሁለት እግሩ ቆሞ ደጃፏ ላይ ታያት። እናቷ ከገበያ ሳትመለስ ይሂድላት ብላ ነው የሸኘችው።

አሁን ግን ከረጢቱን አየች። የሰው ከረጢት በሌላ ሰው ጀርባ የሚመጣው መቼ ነው? አምና የጎረቤታቸው የይርሳው ልጅ አቦምሳ ለሥራ ወርዶ በወባ ሲሞት፣ ልብሱ የመጣው እንዲህ ነበር። አንድ የማይታወቅ ሰው አዝሎት መጣ፤ ደጅ ላይ ቆሞ «የእገሌ እናት?» አለ።

ነጠላዋን እንኳን ሳታነሳ ወደ መንገዱ ሮጠች።

ጎሚስታው አስናቀ አንዱ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሌላውን ይለጥፋል። «ምነው፣ ጅብ ያባረራት ፍየል መሰልሽሳ» አላት።

«ጋሼ ጅብሪል ዛሬ ይመለሳል?»

«ጅብሪል? ዛሬ አዳሩ በቆጂ ነው። ነገም የሚመጣው ያ ቡትቶ ጎማው ካዘነለት ነው። ምነው፣ ፈረንጁን ፈልገሽ ነው? ጭነቱ ላይ ተኮፍሶ ሲያልፍ አየሁት፤ የባላባት ልጅ መስሏል።»

«ሌላ መኪና የለም?»

«እሱም የተገኘው በስለት ነው።» አስናቀ ቀና ብሎ ፊቷን አየና መለጠፉን ተወ። «ማን ሞተ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዞራ ሮጠች፤ ጥያቄው ግን እስከ ቤቷ ተከተላት።

እናቷ የጆንያ ሸክሟን ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘቻት። አልጣሽ ጠዋት የልብስ እጣቢ በደፋችበት አፈር ላይ ትልቅ የጫማ ዱካ ታትሟል።

«ማን መጥቶ ነበር?»

«መንገደኛ።»

«አስገባሽው?»

ሣህሌ ከሄደ ወዲህ አባይነሽ መንገደኛ መልሳ አታውቅም። ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ከዲክሲስ በግ ነድቶ የመጣ ይሁን መንገድ የጠፋበት፣ እግሩን አሳጥባ፣ ያላትን አቅርባ ታሳድራለች። «እኔ የሰው ልጅ ባበላሁ ቁጥር የኔን ልጅ ሰው ያበላዋል» ነው የምትለው። ማታ በሩን በመወርወሪያ መዝጋት እንኳን ትታለች፤ የመሸበት ቢመጣ እንዳይመለስ ብላ በድንጋይ ብቻ ታስደግፈዋለች። አልጣሽ ጅብ ሳትፈራ የተኛችበት ሌሊት ጥቂት ነው።

ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር። «ቸኩሎ ሄደ» ብትል ያልፋል። ነገስ? መርዶ ከሆነ መንገድ አያጣም፤ ከሌላ ሰው አፍ ሄዶ ሄዶ ይህን ደጅ ያገኘዋል።

«መለስኩት» አለች። «ሳጉሬ ብዬ ላክሁት። እማዬ፣ ሰውየው የሣህሌን ከረጢት አዝሏል።»

ጆንያው ከእናቷ ትከሻ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ቀይ ክር አለበት?»

«አለበት።»

አባይነሽ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ ደረቷንም አልመታችም። እናቷ ብትጮህባት ለአልጣሽ ይሻላት ነበር። አልጣሽ ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት። ከትምህርት ቤቱ መባረሩን፣ ሳሉን፣ ስድስቱን ወር፣ አምስቱን የፈጠራ ደብዳቤ።

እናቷ እንደ ስፌቷ አንድ በአንድ ትጠይቃት ጀመር።

«‹ጥርሴን አሞኝ ነበር፣ ዳነ› ያለው?»

«የኔ ነው።»

«‹አስተማሪው ወደደኝ›?»

«የኔ ነው።»

«‹በህልሜ አየሁሽ፣ ነጭ ለብሰሽ›?»

አልጣሽ ከንፈሯን ነከሰች። «እሱም የኔ ነው።»

«‹ሽሮ ናፈቀኝ›?»

«እሱ የሱ ነው። የአምና ነው።»

አባይነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ለጥርሱ ለሚካኤል ጧፍ አግብቻለሁ» አለች። «ላላመመው ጥርስ።» ከዚያ ተነሳች። «እንግዳም መለስሽ» ብላ ወደ መንገዱ ወረደች።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድም መኪና ከሳጉሬ አልመጣም። ጎረቤት ሲያልፍ «ደህና ዋላችሁ?» ይላል፤ እናቷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። የጭላሎ ተራራ ራስ ደመና ለበሰ። ብርዱ መጣ። አልጣሽ ነጠላዋን ረስታዋለች፤ እናቷ ሳታያት የራሷን ግማሽ ወረወረችባት። ይህ ከቁጣ የባሰ ነበር።

ሲጨልም ገቡ። አባይነሽ ፋኖሱን አብርታ ከበሩ ውጭ ሰቀለችው። በሩን በድንጋይም አላስደገፈችው፤ ወለል አድርጋ ተወችው።

ፋኖሱ ከተሰቀለ ብዙም ሳይቆይ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አጥራቸው የሚገናኘው ጎረቤታቸው ሽማግሌው ጉቱ ከሳጉሬ ገበያ መመለሳቸው ነው። ከፈረሱ ጎን አንድ ረጅም ሰው ያነክሳል።

«እንደምን አመሻችሁ። ይህን ሰው መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ከሳጉሬ በእግሩ ነው የተነሳ» አሉ ጉቱ። «ፈረሱ ላይ ውጣ ብለው እምቢ አለኝ፤ ዕቃውን ብቻ ጫነ። ‹ሣህሌ፣ ሣህሌ› ይላል። ከዚህ ቤት ልጅ ሌላ ሣህሌ አላውቅም ብዬ አመጣሁት።» ወደ አልጣሽ ዞሩና በኦሮምኛቸው «ኢንተሎ፣ ማል ታቴ?» አሏት። ልጅት፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። እሷ ግን አልሰማቻቸውም።

እናቷ ሰውየውን አላየችውም። በቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄዳ የከረጢቱን ማዕዘን በጣቷ ዳበሰች። ሦስት፣ ቋጠሮ። ሦስት፣ ቋጠሮ። ቀዩ ክር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ጠይቂው» አለች።

«ምን ብዬ?»

«ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ።»

አልጣሽ በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዋ ወንድሟ በሕይወት እንዳለ ጠየቀችው። ከትምህርት ቤት ያገኘችው ቋንቋ ለዚህ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

«አለ» አለ ሰውየው፣ በአማርኛ። እናትየዋ እንዳልሰማች ሁሉ «አለ፣ አለ» ብሎ ደገመው። ከዚያ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። አልጣሽ እየተንተባተበች ወደ አማርኛ መለሰችው፦ «አርቪድ ነኝ ይላል። ሣህሌ ሆስፒታል ተኝቷል። ሳንባው ነው።»

አባይነሽ ዓይኗን ጨፈነች። በሰፈሯ ሳንባ ይዞት ከአልጋ የተነሳ ሰው አታውቅም።

ጉቱ ከተሰናበቱ በኋላ እንግዳውን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃ ለብ አድርጋ እግሩን ታጥብ ጀመር። ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ሰውየው አፍሮ እግሩን ሊያሸሽ ሲል ቁርጭምጭሚቱን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እሱም ከደረት ኪሱ ደብዳቤ አውጥቶ ለአልጣሽ ሰጣት።

«አንብቢ» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል።

አልጣሽ ፖስታውን ቀደደች። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አልጣሽ፣ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእማዬ ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው በያት።»

እናቷ ፊደል አታውቅም። ፈረንጁ አማርኛ አያነብም። ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው። አራት ቃል ናት፤ እናቷም ዛሬ ሌሊት ትተኛለች።

«ምነው?»

«ምንም» አለች አልጣሽ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበችው። «‹ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእማዬ ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው በያት። ከጥር ጀምሮ በሳንባ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። አርቪድ ባቡር ጣቢያ ወድቄ አግኝቶኝ ነው። ሐኪሞቹ ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ይድናል ያለኝ የለም፤ አይድንም ያለኝም የለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ለእማዬ የምዋሸው አጣሁ፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። አርቪድ ወደ ደቡብ አገር ሊያይ ሲነሳ ከረጢቴን ሰጠሁት። የትም ቢመሽበት እማዬ ቤት ከደረሰ ግድ የለም፤ እሷ...›»

ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ጨርሺው።»

«‹እሷ እንግዳ አትመልስም።›»

እናቷ የእንግዳውን እግር አድርቃ ፎጣውን አጠፈች።

«የቱ ነው ያንቺ?»

«ምንም የለኝም። ሁሉም የሱ ነው።»

«ነገ ትጽፊለታለሽ። እኔ የምልሽን ብቻ።»

«እሺ።»

እንግዳው በላ። ሲጨርስ ማንም ሳይነግረው መጥረጊያውን ከጥግ አነሳና ልክ እንደ ሣህሌ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ፍርፋሪውን ጠረገ። አባይነሽ ሰርቃ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ የሣህሌን አልጋ አነጠፈችለት። ገና ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

«መወርወሪያውን አምጪው» አለች እናቷ።

ከጆንያው ክምር ጀርባ፣ የሁለት ዓመት አቧራ ለብሶ አገኘችው። «ሌላ የመሸበት ቢመጣስ?» አለች አልጣሽ።

«ያንኳኳል። አንቺ ትከፍቺለታለሽ።»

አልጣሽ ፋኖሱን አስገባች። የበሩን ድንጋይ በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው፤ መወርወሪያውን በሁለት እጇ አንስታ ከግንቡ ቀዳዳ ጥግ ድረስ ወረወረችው።