ሰብሞጁል ሲጋጭ

«የክበቡን መመሪያ እስከ ምሳ ሰዓት ጨርሺልኝ» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ በሩ ላይ ቆመው። «አዲስ የሚገቡት ልጆች እንደ ድምቡሼ እንዳያዋርዱን።»

«እሺ ቲቸር» አለች ቀጭኔ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። ይህ ስም የወጣላት ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሟ ስለሆነች ነው። ዛሬ ግን ወንበሩ ላይ ኩምትር ብላለች።

ድምቡሼ የልብ ጓደኛዋ ነው። የኮምፒውተር ክበቡ ለቤተ መጻሕፍቱ ፕሮግራም ሲሠራ፣ ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነበውን ክፍል የሠራው እሱ ነበር። ታናሽ እህቱ ዓይኗ ደከም ያለ ስለሆነ ለእሷ ብሎ ነው የለፋው። ወላጆች በተጠሩበት ቀን ልጅቷ ከፊት ተቀምጣ ቁልፉን ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነች። አሁንም ዝም። አዳራሹ በሳቅ አወካ፤ መምህሩ ላብ በላብ ሆኑ። ድምቡሼ «እቤት ኮምፒውተሬ ላይ ይሠራል እኮ!» ብሎ ቢምል ጭራሽ ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ «ጉረኛው» ይሉታል፤ መምህሩም ከክበቡ ሊያስወጡት ነው።

ቀጭኔ መጻፏን ቀጠለች።

«ሰብሞጁል በፕሮጀክት ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ፕሮጀክት ነው። ዋናው ፕሮጀክት የውስጡን ፋይሎች አይዝም፤ የሚይዘው የትኛውን ሥሪት (ቨርዥን) እንደሚጠቀም የሚያመለክት አንድ ረጅም መለያ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች መለያውን በየፊናቸው ከቀየሩት፣ አንደኛው ሥሪትም ሌላውን በውስጡ ካልያዘ፣ ሥራዎቹን የሚያዋህደው ሶፍትዌር ግጭት አለ ብሎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ የውስጡን ሳያዩ አንዱን መምረጥ…»

ጣቷ ቆመ።

ወላጆች ከመጠራታቸው በፊት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ፕሮግራም ላይ ይኸው ግጭት የመጣው እሷ ጋ ነበር። አንዱ መለያ የድምቡሼ ነው፤ ሌላው የእሷ፣ ቀለም ያሳመረችበት። ቸኩላ ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ ሳታይ የራሷን መርጣ መዘገበችና ወደ ቤቷ ከነፈች። አዳራሹ ውስጥ ቁልፉ ዝም ሲል ወዲያው ነበር የገባት። ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየፈጃት ነው። እንቅልፍ የላት፣ ምግብ የላት።

ደግሞ የጠፋ ነገር እንኳ የለም! የድምቡሼ ሥራ ሰብሞጁሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ዋናው ፕሮጀክት ስላልጠቆመው ነው እንጂ። ቀጭኔ ወደ ውስጥ ገባች፣ ሁለቱን ሥሪቶች አዋሃደች፣ ወጥታም አዲሱን መለያ መዘገበች። ቁልፉን ስትጫን ኮምፒውተሩ ጥርት ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

«እንዴ! ይሄ የኔ አይደል እንዴ?» ድምቡሼ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰምቶ እየሮጠ ገባ። «አንቺ ከየት አገኘሽው?»

እንጃ፣ ስነካካው መጣ ብትለው ያምናታል። ዓይኗን በጨው አጥባ ልትለው አፏን ከፈተች።

«አቦ ይመችሽ! አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆኜ ነበር» አለና ትከሻዋን መታ አደረጋት። «እህቴ ራሷ ውሸታም ብላኛለች እኮ።»

ምስጋናው ከስድብ በላይ አቃጠላት።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ግጭት ሲመጣ ሳላይ የራሴን መረጥኩ። ያንተ በዚያው ቀረ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያኔውኑ። አዳራሹ ውስጥ።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። «ሁሉም ሲስቅብኝ?»

«አዎ።»

ድምቡሼ ዞር ብሎ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣት። ቢሰድባት፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ይቅር በለኝ ልትለው አሰበችና ተወችው፤ ከይቅርታው በፊት መደረግ ያለበት ነገር አለ።

ተነስታ ወጣች። የመምህራን ማረፊያው በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ብዙ ሰው አለ፣ ወሬና ሳቅ ይሰማል። ሰው እስኪቀንስ ልጠብቅ ይሆን ብላ ትንሽ አመነታች። ከዚያ አንኳኳች።

«ጨረስሽ?» አሉ መምህሩ።

«አልጨረስኩም ቲቸር። ስለ ድምቡሼ የምነግርዎት ነገር አለ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።