የእመቤታችን አልባሽ

የማኅበራችን አለቃ ዶን ባልዶሜሮ በሆሳዕና ዋዜማ፣ እመቤታችን በምትለብስበት ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ከእንጨት የተቀረጸችው ምስሏ ከአንገቷ እስከ እግሯ በነጭ አንሶላ ተሸፍና አጠገቡ ቆማለች። በዓመት አንዴ አጊጣ በሰው ትከሻ ከተማውን የምትዞርበት ሰልፏ ነገ ነው፤ የከተማችን የሴቪያ ሰው ከሬሳው ይልቅ የተጨነቀው ለሰልፉ ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ኢንስፔክተር ኒየቬስ በዚያ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ የነበሩትን ሦስት ሰዎች አነጋገረች። የተሸካሚዎቹ አዛዥ ኤላዲዮ ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል።

«የሰልፉን መንገድ ቀየረብኝ፤ ብጣላው ምን ይገርማል?» አለ። «እዚያ ክፍል ግን እግሬም አይደርስ። ስትለብስ ወንድ አይገባም።»

ምክትሉ ፉልሄንሲዮ የአለቅነቱን ወንበር ሲመኝ ዓመታት አስቆጥሯል።

«የተመኘ ሁሉ ከታሰረ ማኅበሩ ሰው አይተርፈውም» ብሎ አላገጠ።

እመቤታችንን ሠላሳ ዓመት ያለበሰቻት እትዬ ኦርቴንሲያ ግን በዝግታ ነበር የመለሰችው።

«ገና አልጀመርኩም ነበር፣ ልጄ። የዘወትር ልብሷን እንደለበሰች ትቻት የሰልፍ ካባዋን ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ወድቆ አገኘሁትና ጮህኩ።»

ኒየቬስ ክፍሉን ድጋሚ አየች። አንሶላውን ገለጥ አደረገች፤ የልብስ ሳጥኑን ከፈተች። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«አንሶላው ላይ ደም የለም፤ ከሥሩ ያለው የምስሏ እንጨት ላይ ግን ተረጭቷል። ስለዚህ የተሸፈነችው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። የዘወትር ልብሷ ደግሞ ሳጥን ውስጥ በሥርዓት ታጥፏል፤ እሱም ንጹሕ ነው። ገድሎ የሚሮጥ ሰው ቁጭ ብሎ ልብስ አያጥፍም። ቀድሞ ወልቋል ማለት ነው። የሚያወልቁላት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ። ‹አልጀመርኩም› አሉኝ።»

ኤላዲዮ ቆቡን አወለቀ።

«ሬሳ ካለ ወንዶች መግባታቸው አይቀርም» አለች ኒየቬስ። «እርቃኗን እንዳያዩዋት ሸፈኗት። ያንን ባያደርጉ ኖሮ አላውቅብዎትም ነበር።»

«ሳያንኳኳ ገባ» አለች ኦርቴንሲያ። «‹አርጅተሻል፤ ከነገው ሰልፍ በኋላ የሚያለብሳት ባለሙያ ቀጥረናል› አለኝ። እመቤታችን እንደዚያ እርቃኗን ቆማ ዓይኑን እንኳ አልመለሰም። ገፋሁት። ጭንቅላቱ የመቆሚያዋን ጠርዝ መታው።»

ኒየቬስ የልብስ ሳጥኑን ዘጋች።

«እንግዲህ ለነገ ማን ያለብሳታል?» ብላ ጠየቀች ኦርቴንሲያ።

«ማንም። ክፍሉ ይታሸጋል፤ እመቤታችን ዘንድሮ አትወጣም።»

ለሟቹም ለራሷም ያላለቀሰችው ሴት ያኔ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።