ወይዘሮ ዴከር የመረጧቸው መጻሕፍት

ላቮን ዴከር ደብዳቤውን የከፈተችው ቆማ ነበር፤ አንብባ ሳትጨርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለተከበሩ ወይዘሮ ዴከር፤» ይላል። «ይህን የሒሳብ መጽሐፍ በካታሎግዎ ላይ ‹ለስድስት ዓመት ልጅ እንደ ጨዋታ ነው› ብለውታል። ልጄ ሊዲያ ስድስት ዓመቷ ነው። ገጽ አርባ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን እኔም አብሬያት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። የእርስዎ ልጆች ይህን ገጽ እንዴት እንዳለፉት ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም። አክባሪዎ፣ ኤልደን ስቶል፣ ነብራስካ።»

ላቮን ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ደብዳቤውን አጠፈችው። ልጆች የሏትም። ባልም የላትም። ወይዘሮ ዴከርም እሷ አይደለችም።

ወይዘሮ ዴከር እናቷ ነበሩ። አራት ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ አስተምረው ያሳደጉ፣ ኋላም ከባላቸው ከሃርላን ጋር አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ፣ ጓሯቸው ባለው አሮጌ የዶሮ ቤት ውስጥ፣ እንደነሱ ልጆቻቸውን በክርስትና እምነት ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጻሕፍት በፖስታ መላክ የጀመሩ ሴት። ለደንበኞች በሚልኩት የመጻሕፍት ዝርዝር፣ በካታሎጉ ላይ፣ በየመጽሐፉ ሥር ሁለት ሦስት መስመር አስተያየት ይጽፉና «ወይዘሮ ዴከር፣ የአራት ልጆች እናት» ብለው ይፈርሙ ነበር። ሰው ከመጻሕፍቱ በላይ የሚያምነው ያንን ፊርማ ነው። ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አስተያየቱን የምትጽፈው የመጨረሻ ልጃቸው ላቮን ናት፤ ፊርማው ግን አልተነሳም።

«ስሟን ከዚያ ካነሳሁት የት ላስቀምጠው?» ብለዋት ነበር አባቷ፣ መጀመሪያ ስትጠይቃቸው። ከዚያ ወዲህ ደግማ አልጠየቀችም።

ላቮን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ታነባለች፤ መልመጃውን ራሷ ትሠራለች፤ የጽሕፈት ደብተር ሲሆን ወረቀቱን በላጲስ ፈትጋ ይቀደድ እንደሆነ ታያለች። የምትጽፈው ሁሉ ያመነችበትን ነው። ውሸቱ ስሙ ላይ ብቻ ነው እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

ለኤልደን ስቶል እንዲህ ስትል መለሰች፦ «መጽሐፉን ይዝጉት። ፖስታዎ ላይ የከብት እርባታ ማህተም አይቻለሁ። ሊዲያ ለአንድ ወር ጥጃ ትቁጠር። ገጽ አርባ የትም አይሄድም።»

በወሩ መልስ መጣ። «ጥጃ መቁጠር ጀመረች። አሁን ችግሩ ‹አባባ፣ አንድ ጎድሎሃል› እያለች ሰላም መንሳቷ ነው። ይባስ ብሎ እውነቷን ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። ለታናሹ ለካሌብ የቱ የፊደል መጽሐፍ እንደሚሻል ይጠይቃታል፤ ሥዕል የበዛበትን ይተዉት፣ ልጁ ፊደሉን ትቶ ሥዕሉን ያነባል ትለዋለች። ሚስቱ ጆአና በሕመም እንደሞተች፣ ልጆቹን ቤት ማስተማር የእሷ ሐሳብ እንደነበር፣ እሱ ግን ከጥጃ በቀር ያሠለጠነው ፍጥረት እንደሌለ ጻፈላት። ላቮን የፖስታ መኪናው ድምፅ ሲሰማት እጇ ላይ ያለውን ጥላ መውጣት ለመደች።

በሁለተኛው ዓመት የበረዶ ወቅት አንድ አጭር ደብዳቤ መጣ።

«ወይዘሮ ዴከር፤ የልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እናነብ ነበር። ከሞት ስለተነሳችው ልጅ ስንደርስ ሊዲያ ‹እማማንስ ለምን አላስነሳትም?› አለችኝ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ይህን የሚመልስ መጽሐፍ ካለዎት ይላኩልኝ።»

ላቮን ዶሮ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ዘጠኝ ዓይነት የልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ሁሉንም እዚያው ታሪክ ላይ ገለጠቻቸው። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትመላለስ ዋለች።

«ዘጠኙንም አየሁ፤» ብላ ጻፈች። «የሊዲያን ጥያቄ የሚመልስ የለም። በስምንቱ ላይ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሏል። በአንዱ ላይ ግን የልጅቷ አባት ገና በመንገድ ላይ ሳለ ሲያለቅስ ተሥሏል። እሱን ልኬልዎታለሁ።»

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። «ሊዲያ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየችው። ‹ይሄ አባት አንተን ይመስላል› አለችኝና ታቅፋኝ ተኛች። ወይዘሮ ዴከር፣ ባለቤትዎ የታደሉ ሰው ናቸው።»

ላቮን የመጨረሻዋን መስመር ደጋግማ አነበበች። «እኔ ባል የለኝም» ብላ ጻፈችና ቀደደችው። እንደገና ጻፈች። እንደገና ቀደደች። በመጨረሻ የላከችው ስለ ጽሕፈት ደብተር ነው።

በሰኔ ወር ነብራስካ ውስጥ፣ ሊንከን ከተማ፣ ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች ትልቅ የመጻሕፍት አውደ ርእይ ተደረገ። እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ጋሪ እየገፉ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። ላቮን መጻሕፍት ስትደረድር አንድ ረጅም ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ፊቷ ቆመ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ባርኔጣው የሚያርፍበት ግንባሩ ግን ነጭ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ልጆች እጁን ይዘዋል።

«ወይዘሮ ዴከርን ፈልጌ ነበር፤» አለ። «ኤልደን ስቶል እባላለሁ። ላመሰግናቸው ነው የመጣሁት።»

ላቮን እጇ ላይ የነበረውን መጽሐፍ አስቀመጠች። ሃርላን ከኋላዋ ሳል ሳል አደረጋቸው።

«ዛሬ አልመጣችም፤» አሉ።

«ኧረ! ምነው?» ፊቱ ላይ ያለው ቅሬታ እንደ ልጅ ነበር። «ሊዲያ ሥዕል ሥላላቸው ነበር።»

ላቮን እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ልጃቸው ነኝ፤ ላቮን። ለካሌብ መጽሐፍ ስትመርጥ ላግዝህ?»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አብረው ዞሩ። ካሌብ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ይፈልጋል፤ ሊዲያ እንደ ትልቅ ሰው ዋጋ ትጠይቃለች። ኤልደን አንድ የፊደል መጽሐፍ አንስቶ በትልልቅ ጣቶቹ ሲያገላብጥ ላቮን ጣቶቹን ስታይ ተያዘች። እሱም ማየቷን አየ። ሁለቱም ወደ መጽሐፉ አቀረቀሩ።

«አንቺ እንደ እናትሽ ነው የምትናገሪው፤» አለ ቀስ ብሎ። «ደብዳቤያቸውን የማነብ ነው የሚመስለኝ።»

ላቮን እስክሪብቶ ፈለገች። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ ላይ እንዲፈልገው ብላ የአንድ መጽሐፍ ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፈችለት። ኤልደን ወረቀቱን ተቀበለ። አነበበው። ከዚያ እያነበበ እንዳልሆነ ገባት፤ ጽሕፈቱን ነው የሚያየው።

«ይህን የእጅ ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤» አለ።

«ኤልደን...»

«እናትሽ የት ናቸው?»

«ሞታለች። አንተ መጻፍ ሳትጀምር ነው የሞተችው።»

«አራቱ ልጆችስ?»

«አንዷ እኔ ነኝ። የራሴ ልጅ ግን የለኝም፤ ባልም የለኝም።» ቀና ብላ አየችው። «የጻፍኩልህ ሁሉ ግን የልቤ ነው።»

ኤልደን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሲናገር አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«የሊዲያን ጥያቄ ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ እንኳ። ለእናት ነው የነገርኩት፤ እናት ታውቃለች ብዬ።» ባርኔጣውን አጠለቀ። «ስለ መጽሐፎቹ አመሰግናለሁ፣ ወይዘሪት። ደህና ይዋሉ።»

ከሰዓት ሙሉ «አንቺ» ሲላት የነበረው ሰው «ይዋሉ» ሲላት፣ በር ፊቷ ላይ የተዘጋ ያህል ነበር።

ወደ አዮዋ ሲመለሱ ላቮን ለአባቷ ነገረቻቸው። «አባዬ፣ በሚቀጥለው ካታሎግ እውነቱን አወጣለሁ።»

«ደንበኞቻችን ይሸሻሉ፣ ልጄ።»

«ይሽሹ።»

ሃርላን መሪውን ይዘው ብዙ መንገድ ሄዱ። «እኔ እኮ ለንግዱ ብዬ ብቻ አይደለም፤» አሉ በመጨረሻ። «አውቃለሁ፣ አባዬ።» አባትዬው ቤት እስኪደርሱ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጉ ነበር።

በነሐሴ ካታሎግ የፊት ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «እናታችን ወይዘሮ ዴከር ዐርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የወጣውን አስተያየት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅ የለኝም። ይህን ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ላቮን ዴከር።» አንዳንዶች ስማችንን ከመዝገብ ሰርዙ ብለው ጻፉ። ብዙዎች ደግሞ ስለ እናቷ የሐዘን ካርድ ላኩ። ከነብራስካ ግን ምንም አልመጣም። በቆሎው ታጨደ። በረዶ ጣለ። ላቮን ለፖስታ መኪናው መውጣት ተወች።

በጥር አባቷ ፖስታውን ራሳቸው ይዘውላት ገቡ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

«ካሌብ ‹ቢ› (b) እና ‹ዲ› (d) ፊደሎች ይምታቱበታል። ሦስት መጽሐፍ ቀየርኩ። እናትዎ ቢኖሩ ያውቁ ነበር። ልጃቸው ምን ትላለች? ኤልደን።»

ላቮን ለመመለስ አንድ ሳምንት ፈጀባት። «ልጃቸው አታውቅም፤» አለች። «አንድም ልጅ አጠገብ ተቀምጣ አስተምራ አታውቅም። መጥቼ ልየው?»

«ይምጡ» የሚል አንድ ቃል መጣላት።

በመጋቢት ሄደች፤ ላሞች የሚወልዱበት ጊዜ ነበር። ማረፊያዋ መጋቢው ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን እየነዳች ስቶሎች ማዕድ ቤት ትገባለች። ካታሎጉ ላይ ሥዕሉ ጥቂት ነው ብላ ከሁሉ አብልጣ ያመሰገነችውን የፊደል መጽሐፍ ካሌብ ፊት ዘረጋች። ካሌብ ፊደሉን ትቶ የዳክዬዋን ሥዕል አየና ገመተ። የቤቱን ሥዕል አየና ገመተ። ከዚያ እንደ ውሃ ከወንበሩ ወርዶ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«ውጣ እንጂ፣ የኔ ጌታ።»

«አልወጣም።»

ላቮን መጽሐፉን አየችው። ልጁን አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ እሷም ጠረጴዛው ሥር ገባች።

ኤልደን ከበረቱ ሲመለስ ማዕድ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ጠረጴዛው ሥር ግን አራት እግር ይታያል።

«እዚያ ሥር ምን ትሠራላችሁ?»

«ትምህርት ላይ ነን፤» አለ ካሌብ። ላቮን ዱቄት ወለሉ ላይ በትናለች፤ ልጁ በጣቱ ትልቅ «ቢ» ይጽፍበታል፣ ሆዱ ወደዚህ፣ ጀርባው ወደዚያ እያለ። ኤልደን ጎንበስ ብሎ አያቸው። የላቮን አፍንጫ ዱቄት ነክቶታል። ሳቁን ያዘ፤ ሊያመልጠው ሲል ቀና አለና ጫማውን ሊያወልቅ ወጣ።

«አባባ አውደ ርእዩ ላይ የገዛናቸውን መጽሐፎች ሊጥላቸው ነበር፤» አለች ሊዲያ በዚያው ቀን፣ ሳህን እያደረቀች። «ግን አልጣላቸውም። መኪናው ውስጥ ከፊት አስቀምጧቸው ነበር። ቀበቶ አሰረላቸው።»

በአሥረኛው ቀን ላቮን ሻንጣዋን ጫነች። ልጆቹን ስማ ተሰናበተቻቸው። መኪናዋን አስነስታ መስኮቱን ዝቅ ስታደርግ ኤልደን በሩ ላይ ተደገፈ፤ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ሌሊቱን ሁለት ጥጆች አዋልዷል።

«አሁንም ‹ዲ›ን ይስታል፤» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ያንን መጽሐፍ ከካታሎጉ አወጣዋለሁ።»

«ላቮን፣ አትሂጂ።»

ወደ ፊት ለፊቷ፣ ወደ ገጠር መንገዱ አየች። ለረጅም ጊዜ የፈራችው ጥያቄ ምላሷ ላይ ነበር፤ አወጣችው።

«የፈለግከው አስተማሪ ነው?»

«አስተማሪማ ብፈልግ ካታሎግሽ ላይ አዝ ነበር።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ለልጆቹ እናት ብዬም አይደለም። ካሌብን ሊዲያ ከሁለታችን የተሻለ ታስተምረዋለች። ለራሴ ነው የምጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ሳይመጣ ሲቀር ቤቱ ይጨልምብኝ ነበር። ያኔ የሌላ ሰው ሚስት ነሽ ብዬ በራሴ አፍር ነበር። የተናደድኩብሽ ስለዋሸሽኝ ነው። ያላገባሽ መሆንሽን ስሰማ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አንዱን ከሌላው መለየት ነው ሰባት ወር የፈጀብኝ።»

ላቮን መሪውን ለቀቀች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። ከቤቱ በረንዳ ሊዲያና ካሌብ እንደ ሁለት ምሰሶ ቆመው ያያሉ።

«አባቴ ለእራት ይጠብቁኛል፤» አለች በመጨረሻ።

«ደውዪላቸው።»

«ምን ልበላቸው?»

ኤልደን ጭቃ ያልነካውን የእጁን ጀርባ ጉንጯ ላይ አሳረፈ። «በሰኔ ወደዚህ እንዲመጡ በያቸው። የሠርግ ልብስ አዘጋጅተው።»

ላቮን ቁልፉን አዞረችና ሞተሩን አጠፋችው።