አለቃ የወደቀች ዕለት

ሰውየው ወደ መነጽር ቤቱ ሲገባ የተሰበረውን መነጽር በመሐረብ ጠቅልሎ እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

ከባንኮኒው ኋላ ሌንስ የምትገጥመው ልጅ ቀና ብላ አየችው። ረዘም ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ወጣት ነው። የግራ ጉንጩ ግን ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ተልጧል። ሲናገርም ምላሱን የሚያመው ይመስል ቃላቱን እየቆጠበ ነው።

«ይጠገናል?»

«ሌንሶቹ ደህና ናቸው። ፍሬሙ ግን አልቆለታል» አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወድቀህ ነው?»

«ደረጃ አዳለጠኝ።»

ቶሎ ነው የመለሰው። እሷ ደግሞ ያንን መቸኮል አሳምራ ታውቀዋለች። ስንቴ ራሷ ምንም ባላጠፋ ደረጃ፣ ባልረጠበ ወለል ላይ አሳብባለች!

ሌንሶቹን ወደ አዲስ ፍሬም አዛወረች። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጋ ከጆሮው ኋላ ስታስተካክልለት ነው፣ ሌላ ደንበኛ በማይሰማው ድምፅ እንዲህ ያለችው፦

«ደረጃ ያዳለጣቸው ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቦታ አለ። ስልክ ላይ ነው፤ ማንም ማንንም አያይም። ከፈለግህ አስገባሃለሁ።»

ሰውየው በአዲሱ መነጽሩ ውስጥ ትክ ብሎ አያት።

«አንቺንም ደረጃ አዳልጦሽ ያውቃል?»

«ድሮ» አለችው። «በጣም ድሮ።»

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚነጋገሩበትን ግሩፕ የከፈተችው እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ ከሐኪም ቤት ወረፋ የምታውቃቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ አባላቱ አንድ ትልቅ አዳራሽ የሚሞሉ ሆኑ። በስማቸው የሚጠራሩ የሉም፤ እሷንም «አለቃ» ብለዋት አለቃ ሆና ቀረች።

ሕጓ አጭር ነው። እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው። ማንም ለማንም «መድኃኒትህን ተው» አይልም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ሲነጋ ገብታ እንዴት አደራችሁ ትላለች፣ የፈራ ታበረታታለች፣ አጉል መካሪ ሲመጣ ጨዋ በሆነ ቃል በሩን ታሳየዋለች። ከሁሉ በላይ ሰው የሚያምናት ግን በራሷ ታሪክ ነው። መድኃኒቷን በሥርዓት እየወሰደች ዓመታት ሳትወድቅ ኖራለች። አዲስ ገቢ ተስፋ ሲቆርጥ የቀደሙት አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «አለቃን እያት!»

ያ ሰውዬ በማግስቱ ገባ። የመጀመሪያ መልእክቱ ይህ ነበር፦ «የአውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። አሁን ቆሜያለሁ። ፍሬን በሉኝ።»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ።

ብዙም ሳይቆይ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት መገናኘት ጀመሩ። ፍሬን አሁን የሚሠራው ስምሪት ክፍል ነው፤ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ ይመድባል። አፉ ከእሷ ጋር ቢያወራም ጆሮው መንገዱ ላይ በሚያልፉት አውቶቡሶች ነው።

«ስሚው! ስሚው! ፍሪሲዮኑን እያረደው ነው እኮ! ይሄን ሰውዬ አህያ እንኳ አላስነዳውም።»

እሷ ሻይዋ ትን እስኪላት ትስቃለች። ከሳቁ በኋላ እሱ ብርጭቆውን ያሽከረክራል፤ እሷ መስኮቱን ታያለች፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና ይሉና ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ያቺን ቅጽበት ሁለቱም እየናፈቋት ነበር የሚመጡት።

አንድ ቀን መንዳት እንዴት እንዳቆመ ጠየቀችው።

«ተሳፋሪ ሞልቶ፣ ሞተር ሳላስነሳ ነው የጣለኝ» አለ። «ስነቃ፣ ረዳቴ ‹እኔ አላየሁም፣ ማንም አላየም› አለኝ። ደግ ሰው ነው። ዞር ብዬ ወንበሮቹን አየኋቸው። አንዲት ሴትዮ ሕፃን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እንዲያ ተማምናብኝ! ቁልፉን ወስጄ አለቆቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።»

እሷ ያን ጊዜ እጇን እጁ ላይ ጣል አደረገች። አላነሳችውምም።

የወደቀችው በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከእሱ ጋር በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስትሄድ ነው። ስለ እናቷ እያወራችለት ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ስትነቃ በጎኗ ተኝታለች። ከራሷ ሥር የእሱ ጃኬት አለ። ዙሪያዋን የሰው እግር ክብ ሠርቷል፤ አንዱ «ውኃ ርጩባት!» ሌላው «ቁልፍ አስይዟት!» ይላል። ፍሬን አጠገቧ ተንበርክኮ አንድ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ በሌላው ሰዉን እየከላከለ፣ «ምንም አታስይዟት። አየር ብቻ ስጧት። አሁን ትነሳለች» ይላል፣ ረጋ ብሎ። ቃል በቃል እሷ ለግሩፑ ያስተማረችው ነው።

ሰዉ ሲበተን፣ ገና ምላሷ ሳይፈታ፣ «ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

«ፍሬን ነኝ እንጂ ክላክስ አይደለሁም» አላት። ዓይኖቹ ግን እንባ አቅርረው ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ አልደነገጠችም፤ ምርመራ አዘዘችላት፣ የመድኃኒቱን መጠን አስተካከለችላት፣ «ይህ ያጋጥማል» አለቻት። እናቷ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባት።

«ማን አየሽ?»

«እሱ አብሮኝ ነበር፣ እማዬ።»

«በቃ፣ ይሸሻል።»

«አይሸሽም። እሱም እንደኔ ነው።»

እናት የያዘችውን ድስት ቁጭ አደረገችው። ልጇን ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከሰው ወሬ ስትደብቅ ያረጀች ሴት ናት። «ሁለታችሁም? ታዲያ አንዳችሁ ሲወድቅ ማን ሊያነሳ ነው?»

«እሱ አነሳኝ እኮ!»

እናት ድስቱን መልሳ አነሳች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

ያን ሰሞን ግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው እንዲያው ለሰላምታ፣ «አለቃ ሰሞኑን ጠፋሽ፣ ደህና ነሽ?» ብሎ ጻፈ። ጣቶቿ ከልቧ ቀድመው «ደህና ነኝ፣ እንደ ወትሮው!» ብለው መለሱ። የልብና የጭብጨባ ምልክቶች ተንጋጉ። «አለቃን እያት!»

ፍሬንም አነበበው። ሻይ ቤቱ ስትመጣ ብርጭቆውን ማሽከርከር ትቶ ነበር።

«ለምን ዋሸሻቸው?»

«አልዋሸሁም። ደህና ነኝ እኮ አሁን።»

«አለቃ!»

«ምን ልበላቸው?» ድምጿ ተሰበረ። «እነሱ እኔን እያዩ ነው የሚነሱት። እኔ ወደቅሁ ካልኩ ማንን ያያሉ?»

«እኔ ቁልፉን ያስረከብኩት ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ስላመኑኝ ነው። አንቺም ከኋላሽ የተቀመጡ አሉ።»

«ስለዚህ እንደ አንተ መሪውን ልልቀቅ?»

«መሪውን ልቀቂ አላልኩሽም። መንገዱ ምን እንደሚመስል ንገሪያቸው ነው የምልሽ።»

ተነሣች። እሱም አላስቆማትም፤ «ስትፈልጊኝ መናኸሪያው አለሁ» ብቻ አላት። አውቶቡስ እየጮኸ አለፈ፤ ፍሬን አልሰማውም።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ጭር አለባት። ሌንስ ስትቆርጥ ታበላሻለች፤ ደንበኛ ሲገባ በሩን የምታየው ረዘም ያለ ሰው እንደሆነ ብላ ነው። ኩራቷ ስልኩን እንዳታነሳ ይዟታል። ከኩራቷ ሥር ደግሞ እሱ ትክክል እንደሆነ ታውቃለች፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

አንድ ረፋድ፣ ግሩፑ ውስጥ «የመንታዎቹ እናት» የምትባለው ሴት ለብቻዋ ጻፈችላት፦

«አለቅዬ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ከወደቅሁ ቆየሁ። አንቺን ሳይ እኔም የዳንኩ ይመስለኛል። መድኃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ ልጆቼን ማጠብ አቃተኝ። ከዛሬ ጀምሮ ልተወው ብዬ አሰብኩ። አንቺ እንዲህ ከዳንሽ እኔስ ምን ይሳነኛል?»

መንታዎቹን፣ የሞላውን የመታጠቢያ ገንዳ፣ እናቲቱን አጠገቡ ወድቃ በዓይነ ሕሊናዋ አየች። ወዲያው መለሰችላት፦ «በፍጹም እንዳትተዪው። ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ስለ እንቅልፉ ንገሪው። እኔም አልዳንኩም። አሁን ግሩፑ ላይ የምለውን ስሚ።»

የመነጽር ቤቱን ባለቤት አስፈቅዳ ወደ ጓዳ ገባች። ለመጻፍ ሞከረች፤ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። የጻፈችው ሁሉ ለራሷ ጥብቅና የቆመ መሰላት። በመጨረሻ የድምፅ መቅጃውን ተጫነች።

«ወገኖቼ፣ እኔ ነኝ። ባለፈው ‹ደህና ነኝ› ብዬ ዋሽቻችኋለሁ። ወድቄያለሁ። መናፈሻ ውስጥ፣ በሰው ፊት። መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፣ ግን ወደቅሁ። ሐኪሜ መጠኑን አስተካክላልኛለች። ያልነገርኳችሁ ተስፋችሁን እንዳልነጥቃችሁ ብዬ ነው እላለሁ... እውነቱ ግን ስላፈርኩ ነው። እናንተን አትፈሩ እያልኩ እኔ አፈርኩ። ከእንግዲህ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ እባካችሁ አንድ ነገር ስሙኝ፤ እኔን አይታችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ላከችው። ስልኩን ኪሷ ከታ ወደ ባንኮኒው ተመለሰች። አንዲት አሮጊት የማንበቢያ መነጽር ሊሞክሩ ነበርና አንዱን እያወለቀች ሌላውን ታደርግላቸው ጀመር። ስልኩ ጭጭ አለ። አሮጊቷ «ልጄ፣ ያወለቅሽልኝን መልሰሽ ታደርጊልኛለሽ፤ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አሏት።

ያኔ ስልኩ ነዘረ። አንዴ፣ ደግሞም፣ ከዚያ አላቆመም።

መጀመሪያ የጻፈችው አንዲት ነርስ ነበረች፦ «ዋሽተሽናል። እኔ በበኩሌ አዝኛለሁ።» ከዚያም ከግሩፑ ወጣች። እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። አለቃ አልፈረደችባትም፤ ሐቋ ነው።

ቀጥለው ጡረታ የወጡት መምህር መጡ፦ «እኔም ባለፈው ወድቄ ነበር። አለቃ ደህና ሆና እኔ ብቻ እንዴት ልናገር ብዬ በሽምግልናዬ ደበቅሁ።» ሌላው ተከተለ፤ «እኔም።» ሌላዋም፤ «እኔም፣ ሥራ ቦታ።» ያን ሁሉ ጊዜ አለቃን ላለማሳፈር፣ ወይም ከእሷ ላለማነስ፣ ምን ያህሉ ዝም ብለው ኖረዋል! የእሷ ደህንነት የሰዉን አፍ ዘግቶ እንደነበር ገና አሁን ገባት።

በመሃል የመንታዎቹ እናት ብቅ አለች፦ «አሁን ዋጥኩት። ሁለቱም ልጆቼ ምስክር ናቸው። ሐኪሙም ነገ ነይ ብሎኛል።»

አለቃ ባንኮኒው ላይ ደፋ ብላ አለቀሰች። አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው ጀርባዋን ያሻሹ ጀመር። «ክፉ ወሬ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ» አለች እየሳቀች። «እፎይ ብዬ ነው።»

በዚያ ሳምንት ግሩፑን ብቻዋን መምራቷን ተወች። መምህሩና የመንታዎቹ እናት አብረዋት እንዲይዙት ጠየቀቻቸው። መምህሩ የወደቀ ሰው ሁሉ የሚናገርበትን ቀን አበጁ፤ ቀልዱና ለቅሶው የተደባለቀበት ቀን ሆነ። እሷም ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን ቤት ጥላ ወጣች።

የወጣችው ወደ መናኸሪያው ነው። ፍሬን በስምሪት ክፍሉ መስኮት በኩል ከአንድ ሹፌር ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር። ሲያያት ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ጠፋበት። ሹፌሩ እሱንም እሷንም አይቶ፣ «እሺ በቃ፣ የሰጠኸኝን መስመር እወስዳለሁ» ብሎ ፈገግ እያለ ሄደ።

«ሰማሁት» አላት። «ደጋግሜ ሰማሁት።»

«ለምን አልደወልክም ታዲያ?»

«ተገፍተሽ ሳይሆን ወደሽ እንድትመጪ ብዬ።»

«ወድጄ ነው የመጣሁት።»

ጭር ያለ ነገር የለም፤ ዙሪያው ጩኸት ነው፣ የመኪና ጭስ ነው፣ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ነው። እነሱ ግን እዚያ መስኮት ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ።

«እናትሽስ?» አለ በመጨረሻ።

«እሷን አንተው ተወጣት።»

በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ። ጫማው ተወልውሏል፣ በእጁ አበባ ይዟል፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። እናት ሻይ ቀድታ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች፤ አበባውን አላየችውም።

«ስማ አንተ ልጅ። አልደብቅህም፤ ፈርቻለሁ። ልጄ ስትወድቅ እኔ ጮኼ ጎረቤት ከመጥራት ሌላ አላውቅም ነበር። ኋላ ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ መጮሁንም ተውኩት። በር ቆልፌ ቆሜ ማየት ነው። እንግዲህ አንተም ከወደቅህ ምን ልሆን ነው?»

ፍሬን ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጃኬቱን አወለቀ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተዘረጋ።

«ምን ሆነ?» እናት ብድግ አለች።

«ምንም አልሆንኩም፣ እማማ። ይኸው ወደቅሁ እንበል። ይምጡ፣ ላሳይዎ።»

እናት ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ በሩ ላይ ተደግፋ አፏን ይዛ ቆማለች። እናት ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ተንበረከከች።

«አፌ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ። እንዳይጫኑኝም። መንቀጥቀጡ ሲበርድልኝ ይህን ጉልበቴን ያጥፉት... ትከሻዬን ይያዙ... አሁን ወደ እርስዎ ይሳቡኝ።»

ሳበች። አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ሳበች፤ መነጽሩ ተንሸራቶ ከአፍንጫው ላይ ወረደ፤ በጎኑ ተገለበጠ።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ይህችው ናት?»

«ይህችው ናት፣ እማማ። ከዚያ አጠገቤ መቀመጥ ብቻ ነው።»

እናት አጠገቡ ተቀመጠች። እጇን ከትከሻው አላነሳችም። ያን ሁሉ ዘመን ቆልፋ የቆመችበትን በር እያሰበች ይሁን፣ ማን ያውቃል፤ ፊቷ ላይ እንባ ወረደ፣ እንባውን ሳትጠርግ ሳቀች።

«ይሄን ሁሉ ክብደት!» አለች። «በል ተነሥ ልጄ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።»