የጋሼ ስንሻው ሰዓትና የአውጫጭኙ ወፍ

«ያችን ሰዓት የያዘ ሰው ከነልጆቹ ስዊዝ ይገባል።»

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሐበሻ አልነበረም። ረዳ የሚባል ሰው በየሰርጉና በየለቅሶው ይደግመዋል። የዕድሩ ለፋፊ ነውና አፉ ሥራ አይፈታም።

ሰዓቷ የጋሼ ስንሻው ናት። በወጣትነታቸው ካርቱም፣ የስዊዙ፣ የዠኔቩ «ኦርቫሌ» ኩባንያ ወኪል ዘንድ የሰዓት ጥገና ተምረዋል። ሁለት ወንድማማቾች ያቋቋሙት ኩባንያ ለሱዳን የጥጥና የሰሊጥ ከበርቴዎች በዐረብ ቁጥር የተሠሩ የወርቅ ሰዓቶች ይልክ ነበር። የባትሪ ሰዓት ሲመጣ ከሰረ፤ ስሙን ሌሎች ገዙት። ወኪሉ ሱቁን ሲዘጋ አንዷን ለስንሻው ሰጣቸው። አሁን «የኩባንያው ታሪክ በመጽሐፍ ሊወጣ ስለሆነ የሱዳኖቹ ሰዓቶች ይፈለጋሉ» የሚል ማስታወቂያ ከስልክ ስልክ ዞረ። ቪዛውን የጨመረበት የሰው ምኞት ነው።

ሰዓቷ የጠፋችው ጋሼ ስንሻው ቀብር ሄደው ሳለ ነው። የሰዓት መጠገኛ ሱቃቸው በር ተፈልቅቋል። ሰዓቷ ትቀመጥበት የነበረው የመስታወት ሳጥን ግን አልተነካም።

ፖሊስ አልተጠራም። ከዕድርተኛው ግማሹ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ሽማግሌዎቹ እንደ አገራቸው አውጫጭኝ ጠሩ። ሰው ሁሉ ማለ። ከዚያ አንድ በአንድ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር እየገባ ያየ የሰማውን ለሰብሳቢው ለአቦይ ሃየሎም አንሾካሾከ። የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ስሙ እስከ መቃብር አይወጣም።

ወፏ «ካላዩ ነው» አለች።

ካላዩ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሸዊት የምትባል እህት አለችው። ቢምል ቢገዘት የሰማው የለም። ያኔ ያልተጠራው ፖሊስ አሁን ተጠራ፤ ካላዩንም ወሰደው። ፖሊስ ማለት በጭነት መኪና ተጭኖ የድንበር ከተማው ገላባት ላይ መራገፍ ነው። ማዶ ደግሞ ከአገር ቤቱ ጦርነት ጀምሮ ካላዩን በስሙ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ።

ሸዊት አቦይ ሃየሎም ደጅ ቆመች።

«አቦይ፣ ወፉ ማን ነው?»

«አንች ልጅ፣ መሐላዬን ልታስፈርሺኝ ነው?»

«ስሙን ይተዉት። ምን አለ? ቃሉን አልናገርም ብለው አልማሉም።»

ጺማቸውን አሻሹ። «ካላዩ ሰዓቷን ከወተት ጣሳ ሲያወጣ በበሩ ስንጥቅ አየሁት ነው ያለኝ።»

«የምን ጣሳ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሰማሁ፣ ፈረድኩ።»

«መስማቱንስ ሰምተዋል» አለች። «ማሰቡን ለማን ተዉት?»

መልስ አልጠበቀችም። ጋሼ ስንሻው ሱቅ ሄደች።

«ጋሼ፣ ሰዓቷ የት ነበረች?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነዋ። ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ጋሼ!»

አንገታቸውን ደፉ። «ወሬው ሲበዛ ፈራሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት የወተት ጣሳ ውስጥ ከተትኳት።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለእግዜርም አልነገርኩ።»

«ሲከቱስ ማን ነበር?»

«ማንም። ረዳ ብቻ፣ ቀብር ሊጠራኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጣሳውን ስከድን ‹ይፍጠኑ፣ ሬሳው ሊወጣ ነው› አለኝ።»

«ይህን ለሽማግሌዎቹ ለምን አልተናገሩም?»

«የተሰረቀበት ሰው ራኩባው አይገባም። ቂም ያናግረዋል ይባላል። ሥርዓቱ ነው።»

ሸዊት አቦይ ሃየሎምን አስከትላ ረዳ ቤት ደረሰች።

«ወፍ ሆይ፣ እንዴት ዋልክ?»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ?»

«ጣሳውን ከባለቤቱና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ካላዩ ከየት አወቀው?»

«እኔ ምን ላድርግ? ሲያወጣ አየሁት አልኩ እንጂ!»

አቦይ ሃየሎም ዐይናቸውን ጨፈኑ። መሐላቸው ሳይፈርስ ወፏ በገዛ አፏ ወጣች።

«ሌባ ያየ ሰው ‹ሌባ!› ብሎ ይጮኻል» አለች ሸዊት። «አንተን የመሰለ ለፋፊ የዚያን ቀን ምን ዘጋው?»

ሰዓቷ ከፍራሹ ውስጥ ወጣች። ረዳ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሚስቱና ልጆቹ የስደተኞች ካምፕ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ነፋስ ይገነጥልባቸዋል።

«ፎቶዋን ለኩባንያው ልኬ መልስ እየጠበቅኩ ነበር» አለ። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሁላችሁም ወሬውን አምናችኋል። እኔ ወረፋ ቀደምኩ እንጂ።»

«ካላዩንስ ለምን?»

«ልጅ የለውም ብዬ ነው።»

ሸዊት ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች። መኪናው ሄዷል። ገላባት ስትደርስ ካላዩ ድንበሩን ተሻግሯል። አስከሬኑን ያገኙት ሰሊጥ አጫጆች ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ለቅሶ መጡ። «አውጫጭኙ አልተሳሳተም» አሉ፤ «የዋሸችው ወፏ ናት።»

«እንግዲያስ ሄዳችሁ ለወፏ አልቅሱላት» አለቻቸው። በሩን ዘጋችው።

የካላዩ አርባ ካለፈ በኋላ ጋሼ ስንሻው ከረዳ የተወሰደውን ስልክ ይዘው መጡ። ከዠኔቭ መልስ ገብቷል። ሸዊት አነበበችላቸው። ኩባንያው ለፎቶው ያመሰግናል። ማስታወቂያው ግን የወጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ መጽሐፉም ታትሞ፣ ተሸጦ አልቋል።